ቁልቁለቱ ቦሎ አይጠይቅም

ልጄ፣ ጎታችና ተሳቢ ገዝተህ ከሞምባሳ ካምፓላ ኮንቴይነር ልታመላልስ ማሰብህን ሰማሁ። ሥራው መልካም ነው፤ ደስ ብሎኛል። ውሉን ከመፈረምህ በፊት ግን የምነግርህ ነገር አለ። ናይሮቢ ላቪንግተን ካለው ቤትህ ወጥተህ የጄምስ ጊቹሩን መንገድ ወደ ላይ ብትይዝ ዋያኪ ዌይ ላይ ትወጣለህ። ይኸው መንገድ ነው በናኩሩ በኩል ወደ ሳልጋ፣ ወደ ሳቻንግዋን፣ አልፎም ወደ ሎንዲያኒ የሚያደርስህ። መኪናህ እነዚህን ስሞች በየሳምንቱ ያልፋቸዋል፤ አንተም እወቃቸው።

ሰኔ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2023፣ አርብ ወደ ማምሻው ላይ፣ ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ሎንዲያኒ መገንጠያ ላይ ከሹፌሩ ቁጥጥር ወጣ። ማታቱ የሚባሉትን የሕዝብ ሚኒባሶች፣ ሞተር ብስክሌቶችን፣ መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎችን ጠራርጎ ሄደ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ መንግሥት ገበያዎቹ ከመንገድ ዳር ይነሣሉ አለ። ውሳኔው ተገቢ ነው። ግን እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። ገበያው ቢነሣም ያ ሁሉ ቶን ብረት መውረዱን አይተውም። ቆሎ የምትሸጠዋ እናት ራቅ ብላ ትቀመጥ ይሆናል፤ መኪናው ግን የሚቆመው ባለቤቱ እንዲቆም አድርጎ ከላከው ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ስሙ የሚነሣው ሳልጋ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 የመጨረሻ ቀን በዚያው መስመር ሚጋ ላይ አውቶቡስና የጭነት መኪና ተጋጭተው 36 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ የወጪውና የገቢው መንገድ ተለያይቶ ተሠራ። መንገዱን ማስተካከል የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ተሠርቷል። ለአንተ የማነሣው ግን መንገዱን ሳይሆን ልማዱን ነው። ፖሊስና የትራንስፖርት ደህንነት ባለሥልጣኑ በሳልጋ ቁልቁለት ላይ ለዓመታት ሲወቅሱት የኖሩት ነገር በፎሌ መውረድ ነው። ሹፌሩ ማርሹን ያወጣዋል፤ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል፤ ናፍጣ ይተርፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ምን እንደሚሆን ልንገርህ፤ ባለንብረት ሆነህ ይህን ካላወቅህ መካኒክም ሹፌርም እንደፈለገ ያታልልሃልና። ማርሽ ላይ ያለ ሞተር ቁልቁለት ላይ መኪናውን ወደኋላ ይይዘዋል። ማርሹ ሲወጣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ታምቡሩም በሙቀት ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ሹፌሩ ይረግጣል፤ መኪናው አይሰማም። አየሩ ሙሉ ነው፣ ቱቦው አልተቀደደም፣ ፍሬን ግን የለም። ማርሹን ልመልሰው ቢል ደግሞ በዚያ ፍጥነት አይገባለትም። አባይ በረሃን በከባድ መኪና አውርዶ የሚያውቅ ሹፌር ካገኘህ ጠይቀው። ማርሹን የሚቀንሰው ጎሃ ጽዮን ላይ ነው እንጂ ድልድዩ ሲታየው አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ብለህ እንዳትዘጋው። የተሳቢው ፍሬን ላልቶ ከሆነ ጎታቹ የሁለቱን ክብደት ብቻውን ይሸከማል። ይህ ጉድለት ሜዳ ላይ አይታወቅም። በዋያኪ ዌይ መጨናነቅ ውስጥ መኪናው ደህና ይቆማል፤ ሹፌሩም ፍሬን አለኝ ብሎ ያምናል። እውነቱ የሚገለጠው ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጋራዥ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ባይሆንም፣ ለፍሬን ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

“ምርመራውን እኮ አልፏል” ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ኬንያ ውስጥ የንግድ መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ናይሮቢ ውስጥ ሊኮኒ መንገድ ያለውን ጣቢያ ታውቀዋለህ። በአገራችን ለቦሎ እንደምንሰለፈው ማለት ነው። ምርመራውን አትናቀው፣ አትሽሸውም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። በ12 ወር ውስጥ ይህ መኪና ስንት ቁልቁለት እንደሚወርድ አስበው። ለምርመራ ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አልፎ፣ ማታውኑ ያለቀውን መልሶ የሚገጥም ባለንብረት ያታለለው መርማሪውን ሳይሆን ነገ ከፊቱ የሚያልፈውን ማታቱ ነው። ጊልጊል ያለው ሚዛንም የጭነትህን ክብደት ይነግርሃል እንጂ ፍሬንህ ያን ክብደት ይችል እንደሆነ አይነግርህም።

እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ የሆነውን ስማኝ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2015 ጭነት የያዘ ከባድ ገልባጭ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ብሎት ወረደ። አንዲት የ4 ዓመት ሕፃንና ሦስት ወንዶች ሞቱ። ሲመረመር ፍሬኑ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ሹፌሩ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ነፃ አለው። የታሰሩት ሌሎች ናቸው፤ የድርጅቱ ባለቤት 7 ዓመት ተኩል፣ መካኒኩ 5 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባቸው። እዚህ ላይ ነው ልብህን እንድትሰጠኝ የምፈልገው። መሪውን የያዘው አንዱ ነበር፤ መኪናው እንዲወጣ የወሰኑት ግን ሁለቱ ነበሩ። አንተም ባለቤት ልትሆን ነው።

ስለዚህ መኪናው ተነሥቶ ሳይሄድ በየማለዳው የሚሆነውን አንተ ሥርዓት አድርገው። ሞተሩ ይነሣ፣ አየሩ ይሙላ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑ ተረግጦ ይደመጥ፤ የሚያፏጭ ቱቦ ካለ በዚያ ጸጥታ ይሰማል። በአየር ጋኑ የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ። የተሳቢው ፍሬን ብቻ ተይዞ ጎታቹ ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ተሳቢው ከተንቀሳቀሰ ጉዞ የለም። ጎታቹና ተሳቢው የሚቆለፉበት ቦታ በባትሪ ይታይ፣ የኮንቴይነሩ አራቱ የማዕዘን መቆለፊያዎችም እንዲሁ። የጎማው ዳዶ ዙሪያ የዝገት መስመር ከታየ ላልቷል ማለት ነው። ረዳቱም ይህን ሁሉ ይማር፤ ሹፌሩ ደክሞት ቢዘለው የሚያስታውስ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆመው የየጎማውን ሙቀት ይፈትሹ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ካለ ፍሬኑ ተጣብቋል፣ ተለይቶ የቀዘቀዘ ካለ ደግሞ አይሠራም። ብዙ ሰው የጋለውን ብቻ ይፈራል። እኔ ግን የቀዘቀዘውን አብልጬ እፈራለሁ፤ እሱ ያልሠራውን ሌሎቹ እየሠሩለት ነውና።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው፤ ሁሉም ከዚያ ይጀምራል። ሹፌርህን በምልልስ ብዛት ብቻ ከከፈልከው፣ የቆመበት ቀን ሁሉ ከልጆቹ አፍ የሚነጠቅ ይሆንበታል፤ ያለ ፍሬንም ቢሆን ይነዳል። ናፍጣውንም አጥብቀህ ለክተህ ከሰጠኸው በፎሌ ውረድ ብለህ እንዳዘዝከው ቁጠረው። ደውሎ “የተሳቢው ፍሬን አልጣመኝም፣ ናኩሩ ላይ አሠርቼ ልደር” ሲልህ፣ የመጀመሪያው ቃልህ ዕቃው መቼ ይደርሳል የሚል አይሁን። የዚያን ቀን አበሉን ክፈለው፣ የጋራዡን ሒሳብ ወዲያው ላክለት፣ ለዕቃው ባለቤት ደግሞ ስለ መዘግየቱ ራስህ ደውለህ ንገር።