መልካሙን መፈለግ እንዴት ይለመዳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክፉ ምኞትን ስለ መተው ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነገር ግን ክፉውን መተው ብቻ በቂ አይደለም። ጌታችን ብፁዓን ያላቸው ጽድቅን የሚራቡትንና የሚጠሙትን ነው (ማቴ. 5፥6)። አረሙ ተነቅሎ ዘር ያልተዘራበት መሬት ሳይውል ሳያድር መልሶ አረም ያበቅላል። የሰው ልብም እንዲሁ ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ያደግሁት በሳንጃ ነው። አገራችን ቆላ ስለሆነ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው የሚበስለው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው እስኪበስል ቢጠብቁት የታችኛው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል።

በአንድ የዕረፍት ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪከፈት ድረስ፣ በአጎቴ እርሻ የሠራተኞቹን የሥራ ቀን በደብተር እመዘግብ ነበር። ወቅቱ ጾመ ጽጌ ነበረ። ይህ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚጾም የፈቃድ ጾም ሲሆን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስብበታለን። እኔም እጾመው ነበር፤ ያልታዘዝሁትን በመጾሜም በልቤ እመካ ነበር።

ከሠራተኞቹ አንዱ በወባ ታመመና ወደ አገሩ ለመመለስ ሒሳቡን ጠየቀ። ደብተሩን ስገልጥ የሁለት ቀን ሥራ ሳልጽፍለት መቅረቴ ትዝ አለኝ። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ላይ ሲያጭድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ብናገር አጎቴ ቸልተኛ ነህ ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ዝም አልሁ። ሰውየው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አንተ የጻፍኸው ልክ ነው» አለና የተሰጠውን ተቀብሎ ሄደ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ለአጎቴ ነገርሁት። አልተቆጣኝም፤ የሁለቱን ቀን ገንዘብ አውጥቶ ሰጠኝና «ሩጥ» አለኝ። መናኸሪያ ስደርስ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ወጥቶ ነበር። በደብተሬ ላይ የነበረው ስሙ ብቻ ነው፤ መንደሩን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ወገኖቼ፣ ከሥጋና ከወተት ጾሜ የሰው ደመወዝ በላሁ። ለተሰደደው ጌታ እየጾምሁ፣ ለእንጀራው ተሰድዶ በደጃችን የቆመውን ሰው በደልሁ። የምንዱባን ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈል ሕጉ ያዛል (ዘዳ. 24፥15)፤ ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽ ይነግረናል (ያዕ. 5፥4)። እኔ ለመስረቅ አልፈለግሁም። ጥፋቴ የዚያን ሰው መልካም ነገር አንድ ቀን እንኳ ፈልጌ አለማወቄ ነው። የፈለግሁት አለመወቀስን ብቻ ነበር።

እንግዲህ መልካም ፈቃድ በልባችን እንዲበቅል ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በእምነት እንለምን። መፈለግንም ማድረግንም በእኛ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው (ፊልጵ. 2፥13)። ሰሎሞን ሀብትንና ረጅም ዕድሜን ትቶ አስተዋይ ልብን ለመነ (1 ነገ. 3፥9-11)። እኛስ በጸሎታችን የምንዘረዝረው ምንድን ነው? ፈተና ማለፍን፣ ሥራ ማግኘትን እንለምናለን፤ መልካም ነው። የባልንጀራችንን ጥቅም የሚሻ ልብንስ ለምነን እናውቃለን?

ሁለተኛ፣ ስሜቱ እስኪመጣ ሳንጠብቅ በትንሹ እንጀምር። ዘኬዎስ በመጀመሪያ የፈለገው ጌታን ማየት ብቻ ነበር። ሾላ ላይ ወጣ፤ ጌታም ወደ ቤቱ ገባ፤ የቀማውን አራት እጥፍ የመመለስ ፈቃድ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥1-8)። ሁላችንም ዋልድባ ገብተን እህል ትተን ቋርፍ እየበላን አንኖርም። የእኛ ተጋድሎ በደብተራችን፣ በሚዛናችን፣ በመኝታ ክፍላችን ነው።

ሦስተኛ፣ አናዘግይ። መልካም ሐሳብ እንደ ሰሊጥ ነው፤ በጊዜው ካልሰበሰቡት ይረግፋል። ያንን ገንዘብ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ብሰጠው ኖሮ ለመንገዱና ለመድኃኒቱ በሆነው ነበር።

ገንዘቡን ለሌላ የታመመ ሠራተኛ መድኃኒት ገዛሁበት። ይሁን እንጂ ዕዳዬ ተከፈለ አልልም፤ ባለቤቱ አልተቀበለውምና። ከዚያ ወዲህ በአጨዳ ጊዜ ወደ ቤት ስመለስ፣ ማታ ማታ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ቀን ጮኽ ብዬ አነብለታለሁ፤ መንደሩንም እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ይህን የማደርገው ከጸጸት የተነሣ ነበር። አሁን ግን ሳላነብላቸው ብተኛ የሚጎድለኝ ነገር አለ። ከደጋው ከሚወርዱት መካከልም ያን ሰው ዓይኔ ይፈልገዋል።

መልካሙን የምንፈልግበትን ልብ፣ የፈለግነውንም ሳናዘገይ የምንፈጽምበትን ኃይል አምላካችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።