ልመን ወይስ ልካድ? ጠጥቶ የነዳ ክርስቲያን በፍርድ ፊት

ሰው ተከሶ በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ የክሱ ጽሑፍ ከተነበበለት በኋላ የሚጠየቀው ቃል በአገራችን የፍርድ ቤት አነጋገር «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ይህን አጠራር ብዙዎች በየቀኑ ይሰሙታል፤ ቆም ብሎ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። በእግዚአብሔር ማመንና በደልን ማመን፥ ሃይማኖትን መካድና የሠሩትን መካድ በቋንቋችን በአንድ ቃል ይነገራሉ። ታዲያ በችሎት ቆሞ የሚክድ ሁሉ ከሃዲ ነውን? ወይስ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሕግ የሰጠውን መከላከያ ያለ ኃጢአት ሊይዘው ይችላል? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ እንመረምራለን።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን አንድ ሰው ነው። በአራዳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሠፈር በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት፥ ይህ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር በዚያ ሲጠጣ አመሸ። በሠፈሩ ጠባብ መንገድ በእግሩ ወጥቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ደረሰና አቁሞት የነበረውን መኪና አስነሥቶ ነዳ። ብዙም ሳይርቅ የሊስትሮ ዕቃውን ተሸክሞ መንገድ የሚሻገር አንድ ልጅ ገጨ፤ የልጁም እግር ተሰበረ። ሰውየው መኪናውን አቁሞ ልጁን ካነሣው በኋላ ፖሊስ ደርሶ ያዘው፤ በማግሥቱም በዋስ ተለቀቀ።

ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አገኘንና የደረሰበትን ነገረን። ይህን የነገረን በኑዛዜ አይደለም፤ ስሙን ሳንጠራ ለሌሎች ትምህርት እንድናደርገውም ፈቅዶልናል። መካሪዎቹ በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ፥ «ከልጁ በቀር ያየህ የለም፤ ሮጦ ገባብኝ በል» አለው። የሚስቱ ወንድም፥ «የምነዳው እኔ አልነበርሁም በል፤ ሾፌሬ ገንዘብ ከተሰጠው ጥፋቱን በራሱ ላይ ለመቀበል እሺ ብሏል» አለው። ጠበቃው ግን፥ «አንተ ዝም በል፤ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ፈንታ ነው» ብሎ መከረው። ሰውየውም ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፥ «አባቴ፥ ልመን ወይስ ልካድ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም ፈጥነን፥ «ልጄ፥ የተጻፈብህን ሁሉ እመን፤ ከእግዚአብሔር የሚሰወር የለም» አልነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «ክሱ ገጭቶ ሊያመልጥ ሞከረ ይላል፤ እኔ ግን ቆሜ ልጁን በእጄ አንሥቼዋለሁ። ያላደረግሁትንም ልመን?» አለ። በዚህ ጊዜ መልስ አጣን። የችኮላ መልሳችን ከመንፈሳዊነት ይልቅ ከስንፍና የመጣ መሆኑን አወቅነው፤ ስለዚህም እስከሚቀጥለው ሰንበት ጊዜ እንዲሰጠን ለመንነው።

በዚያ ሳምንት መጻሕፍትን ስንመለከት በመጀመሪያ ያገኘነው ይህ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን አዳምን ሳይጠይቅ አልፈረደበትም፤ ጠራው፥ ጠየቀው፥ መልሱንም ሰማ (ዘፍ. 3፥9-13)። ኒቆዲሞስም ሰው ሳይሰማ ሊፈረድበት እንደማይገባ ለፈሪሳውያን ከሕጋቸው ጠቅሶ ተናግሯል (ዮሐ. 7፥51)። በኦሪትም ሳያስበው ሰው የገደለ ሁሉ በማኅበሩ ፊት ቆሞ እስኪፈረድለት ወይም እስኪፈረድበት ድረስ የሚጠጋባቸው ከተሞች ተለይተው ነበር (ዘኍ. 35፥11-12)። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ ክፉ ተናግሮ እንደ ሆነ እንዲመሰክርበት መቺውን ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥23)። እንግዲህ ከሳሽን «አስረዳ» ማለት በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ይልቁንም የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ የሮማዊነት መብቱን ጠቀሰ (ሐዋ. 22፥25)፤ በፊስጦስም ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ነገር ግን በዚያው ቃሉ ላይ፥ ለሞት የሚያበቃ በደል ሠርቶ ከሆነ ከሞት እንደማይሸሽ ጨምሮ ተናገረ (ሐዋ. 25፥11)። ክርስቲያናዊ መከላከያ ማለት ይህ ነው። መብቱን ይይዛል፥ ከሚገባው ቅጣት ግን አይሸሽም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው በችሎት ቆሞ አያፍርም።

አባቶቻችን የሚጠቀሙበት ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ሲኖረው 22ቱ ስለ መንፈሳዊ ነገር፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገሩ ናቸው። መጽሐፉ አንድ ሲሆን ክፍሉ ሁለት ነው። ከዚህም የምንማረው ኑዛዜና ችሎት የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑም አንዱ ሌላው አለመሆኑን ነው። ካህኑ ነፍስን ሊፈውስ ይሰማል፤ ዳኛው ቅጣትን በልክ ሊሰፍር ይሰማል። በካህን ፊት ራስን አብዝቶ መውቀስ ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ በዳኛ ፊት ግን ያላደረጉትን አደረግሁ ማለት ዳኛውን ማሳሳት ነው። አንድ በግ የሰረቀ ሰው ሁለት ሰርቄአለሁ ቢል እውነትን አልጨመረም፤ ሐሰትን ጨመረ እንጂ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ19ኛውና በ20ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፥ በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፥ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር፥ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ፥ በጠበቃም ሊረዳ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ሁሉ ለወንጀለኛ መሸሸጊያ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ዛሬ በደለኛው «አስረዱብኝ» ማለት ቢከለከል፥ ነገ ንጹሑ ሰው በምን ይጠበቃል? የትንፋሽ መለኪያው ሊሳሳት፥ ምስክሩ በጨለማ አንዱን በሌላው ሊለውጥ ይችላል። ጠበቃው ይህን ሲመረምር የሚጠብቀው ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን የፍርድን ሚዛን ጭምር ነው።

እንግዲህ መከላከል የሚገባ ከሆነ ኃጢአት የሚሆነው ከየት ጀምሮ ነው? ሦስት ድንበሮች ይታዩናል።

የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ዝም ማለት ሌላ፥ ያደረጉትን አላደረግሁም ማለት ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ ዝም ቢል ፍርድ ቤቱ ራሱ እንደ ክህደት እንዲመዘግበው አዝዟል። ስለዚህ ሕጉ ማንንም ክርስቲያን እንዲዋሽ አያስገድደውም። ዝም ይበል፤ ወይም፥ «ጠጥቻለሁ፥ ገጭቻለሁ፤ ልሸሽ ግን አልሞከርሁም» ብሎ የሆነውን ከአልሆነው ይለይ።

ሁለተኛው ድንበር በደልን በሌላ ላይ መጫን ነው። አዳም ለመመለስ ዕድል ቢሰጠው በሔዋን አመካኘ፥ እርስዋን የሰጠውንም እግዚአብሔርን ነካ። «ልጁ ሮጦ ገባብኝ» ማለት እግሩ በተሰበረው ላይ ጥፋትንም መጨመር ነው። «የነዳው ሾፌሬ ነው» ማስባልም የድኻን ነጻነት በገንዘብ መግዛት ነው። ዝምታም ቢሆን የተፈቀደው ሌላ ሰው እስካልተጎዳበት ድረስ ነው። በአንተ ዝምታ ሌላው የሚታሰር ከሆነ፥ ዝምታህ መብት መሆኑ ቀርቶ የሐሰት ምስክርነት ሆኗል።

ሦስተኛውም እውነትን መቅበር ነው፤ ይኸውም ለፖሊስ ወይም ለዳኛ መማለጃ መስጠት፥ ምስክር ማባበል፥ የተጎዳውን ቤተሰብ በዘመድ ብዛት ማስፈራራት ነው። የልጁ እናት ድኻ ስለ ሆነች በጥቂት ብር ዝም እንድትል ማድረግ ዕርቅ አይባልም።

«ሰክሬ ነበር፥ አላወቅሁም» የሚለው መከላከያስ? ይህ ምክንያት በኦሪትም አልተቀበለም። ተዋጊ መሆኑን እያወቀ በሬውን ሳያስር የተወ ሰው በሬው ለገደለው ይጠየቅበታል (ዘፀ. 21፥29)። ሰካራሙም የተዋጊውን በሬ ገመድ የፈታው ገና መጀመሪያውን ብርሌ ሲያነሣ፥ የመኪናው ቁልፍ በኪሱ መኖሩን እያወቀ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ543ኛው አንቀጽ፥ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አግብቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ እንዲቀጣ ያዝዛል። ስካር በደሉን አከበደው እንጂ አላቀለለውም።

የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ከመግባቱ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1897 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የለንደን ታክሲ ነጂ ሰክሮ በመንዳት ተይዞ ተከሰሰ። በዚህ ጥፋት ከተቀጡት የመጀመሪያው ተብሎ ይታወቃል። በችሎት ጥፋቱን አምኖ 25 ሺሊንግ ተቀጣ። የዚህ ጥፋት ታሪክ በእምነት ቃል መጀመሩ ለእኛ ምክር ይሆነናል።

ስለ ጠበቆችም አንድ ነገር እንናገር። «ኃጢአተኛን የሚከላከል የኃጢአት ተካፋይ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ነገር ግን ሐዋርያው ዮሐንስ ጌታችንን በአብ ዘንድ ጠበቃችን ብሎ ጠርቶታል (1 ዮሐ. 2፥1)፤ ስለዚህ የጠበቃ ስም የተናቀ ስም አይደለም። ሆኖም ክርስቶስ ስለ እኛ ሲቆም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ አይደለም፤ ዕዳችንን ከፍሎ ነው። ምድራዊው ጠበቃ ዕዳ ሊከፍል አይችልም፤ ደንበኛው ዕዳውን እንዳይክድ ሊመክረው ግን ይችላል።

የሁሉ ከባዱ ጥያቄ ቀርቷል። ሰውየው ጠጥቶ ነድቶ ሳለ መረጃው በሥርዓት ባለመያዙ ዳኛው በነጻ ቢያሰናብተው፥ በእግዚአብሔር ፊት ነጻ ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ዳኛው የፈረደው «አልተረጋገጠም» ብሎ ነው፤ «አልሆነም» ብሎ አይደለም። ነጻነቱን ይቀበል፤ ዕዳው ግን ከችሎት ወጥቶ ወደ ቤቱ ይከተለዋል። ዘኬዎስን ማንም ፍርድ ቤት ሳይፈርድበት አራት እጥፍ ልመልስ ብሏል (ሉቃ. 19፥8)። ለልጁ ሕክምናና ለጠፋበት የሥራ ጊዜ መካስ፥ ንስሓ ገብቶ ቀኖናውን መፈጸም፥ ጠጥቶም መሪ ላለመያዝ መወሰን ከዳኛ ትእዛዝ የሚጠበቅ አይደለም። የወንጀል ሕጉም ራሱ በ82ኛው አንቀጽ የተጎዳውን መርዳትን፥ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ቈጥሮታል። እንግዲህ ንስሓና መከላከያ ጠላቶች አይደሉም።

በሚቀጥለው ሰንበት ሰውየውን ይህንኑ ነገርነው። ጠበቃውን አላሰናበተም፤ የሾፌሩን ነገር ግን እንቢ አለ። በችሎትም መጠጣቱንና መግጨቱን አመነ፥ ሊያመልጥ አለመሞከሩን ተከራከረ። ከተፈረደበት በኋላም የልጁን እናት መርዳት አልተወም።

በመጨረሻም ይህ ነገር የከሳሽና የተከሳሽ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ወይንን አላረከሰችም፤ ስካርን ግን ከልክላለች (ኤፌ. 5፥18)። በማኅበር፥ በሠርግና በተዝካር፥ «በሞቴ» እያልን ለእንግዳችን ደጋግመን የምንቀዳ እኛ፥ ባልንጀራውን ስለሚያሰክር ሰው የተነገረውን ወዮታ (ዕንባ. 2፥15) በራሳችን ላይ እናንብበው። የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ጽዋው ግን ከእኛ ጋር ወደየአዲሱ ሠፈራችን ሄዷል። እንግዳችን መኪና ይዞ እንደ መጣ እያወቅን ከቀዳንለት፥ እርሱ በዳኛ ፊት «ልመን ወይስ ልካድ?» ብሎ በሚጨነቅበት ቀን እኛም በኅሊናችን ችሎት አብረን እንቆማለን። ያን ጊዜ እንድናምን እንጂ እንዳንክድ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።