ቅቤው ይቀነስ፣ ልጄ

ልጄ፣ የአንጀት ካንሰር ሕክምናሽን ለመጨረስ እንኳን አበቃሽ። ከጀሞ ጥቁር አንበሳ የተመላለስሽበትን ዘመን እግዚአብሔር አይመልሰው። አሁን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ሰው ሁሉ ሊያወፍርሽ ይሽቀዳደማል።

ኬሞ ላይ ሳለሽ ክብደትሽ እንዳይወርድ ገንፎው በቅቤ፣ መረቁም በጮማ ነበር። ያኔ ደግ ነበር። ሕክምናው አለቀ፣ ልማዱ ግን አላለቀም። እናትሽ ዛሬም ቅቤውን ታፈስልሻለች። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። አንጀትሽ ግን የሚቆጥረው ስቡን ነው።

እዚያ ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ቀለባቸው እኛ መፍጨት የሚያቅተን የእህልና የአትክልት አሰር ነው። እሱን ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሱ ነው። ስብ ሲበዛ ደግሞ ብዙ ሐሞት ይፈሳል። ጥቂቱ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ ባክቴሪያዎቹም ይለውጡታል፤ የተለወጠው ሲበዛ ግድግዳውን ያስቆጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች ለ2 ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። ስብ ቀንሰው አሰር የጨመሩት አሜሪካውያን ቡቲሬታቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የአፍሪካውያኑ በግማሽ ወረደ። እነሱ ካንሰር የያዛቸው አልነበሩም፤ ስለዚህ በሽታው አይመለስም ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን እኮ ሁለት ሳምንት ብቻ ናት፣ ልጄ።

ጾም ሲገባም አትዘናጊ። ቅቤው ሲቀር ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ ከተተካ ምን ጾምሽ? ብዙ ጊዜ የሚጠበሱበት፣ በጠዋት ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ቅቤው ውስጥ እንዳለው ያለ ስብ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻልሻል፣ እሱም በልኩ። ደጋግሞ የተጠበሰበትን ተዪው።

አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በጃንሜዳ አድርጎ፣ ሃይሌ ጋርመንት ደጅሽ ድረስ መጥቶልሻል። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ግዢ። የጤፍ እንጀራሽን በምስርና በሽሮ ብዪ። የእንጀራው እርሾ ምጣዱ ላይ ይሞታል፤ የሚጠቅምሽ አሰሩ ነው። አንጀትሽ ቀዶ ሕክምና ያየ ነውና ጥራጥሬውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ሆድሽን ከነፋሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ቀጠሮሽንም አትዝለዪ።

እናትሽን እኔ አነጋግርልሻለሁ። አንቺ ግን እሷ ሳታይሽ ክትፎ ቤት እንዳትገቢ።