የጉድጓድ ውኃ የማን ነው?

ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ፥ በገዛ ገንዘቡ ጉድጓድ ቢያስቆፍር፥ ከዚያ የሚቀዳው ውኃ የማን ነው? ለብዙዎቻችን ጥያቄው የሚያስቸግር አይመስለንም። ቦታውን የያዘ፥ ለቆፋሪው የከፈለ፥ ገመዱን የሚስብ እርሱ ነውና ውኃውም የእርሱ ነው እንላለን። እኔም ብዙ ጊዜ በዚህ አሳብ ጸንቼ ኖሬአለሁ። አሳቤን እንደ ገና እንድመረምር ያስገደደኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ በደብረ ታቦር በግቢዬ ውስጥ ያስቆፈርሁት የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሚያሳፍር ቢመስልም፥ ሰው ስለ ጎረቤቱ ያለበትን ግዴታ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁምና አንባቢ ይታገሠኝ።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት ልናገር። ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጉማራና ርብ ከዚሁ ደጋ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው በየፈፋው እየጎረፈ ይሄዳል፤ ከቀረው ውስጥ ጥቂቱ ወደ መሬት ይሰርጋል። በበጋ ምንጩንም ጉድጓዱንም የሚያቆየው ይህ የሰረገው ክፍል ነው። ጉና ራሱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ አሸዋ ውኃን በሆዱ አይዝም፤ ውኃው የሚሄደው በስንጥቁና በንብርብሮቹ መካከል በተረፈው ልል ቦታ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በስንጥቅ የሚያልፍ ግን ሳይጣራ ይሮጣል። ስለዚህ በዚህ ደጋ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት ጉድጓድ ቆፈሩ ስንል፥ ብዙ ጊዜ በአንድ ማሰሮ ላይ ሁለት አፍ ከፈቱ ማለታችን ነው።

በምድር ላይ ለሚፈስሰው ውኃ አባቶቻችን ሥርዓት አበጅተውለታል። በመስኖ በሚያለሙ በብዙ የአማራ ቀበሌዎች የውኃ አባት ተመርጦ ተራ ያስከብራል። ከላይ ያለው ገበሬ ቦዩን ቢያስቀር ከታች ያለው በዚያው ቀን ያውቃል፤ ጩኸትም ይነሣል፥ ሽማግሌም ይቀመጣል። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ግን የውኃ አባት የለውም። የበደለው መበደሉን አያውቅም፤ የተበደለውም በማን እንደ ተበደለ አያውቅም። ልጁ በተቅማጥ ሲታመምበት ምግቡን ወይም ብርዱን ይከስሳል እንጂ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው አይከስስም።

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ስለ ሕጎች በጻፈው መጽሐፉ ይህን ነገር አንሥቶታል። ሰው በመሬቱ እስከ ሸክላው አፈር ድረስ ቆፍሮ ውኃ ያጣ እንደ ሆነ ለቤቱ የሚበቃውን ከጎረቤቱ እንዲቀዳ ይፈቅድለታል። የሌላውን ውኃ አውቆ ያበላሸ ደግሞ ካሣ ከመክፈሉ በላይ ምንጩን ወይም ጉድጓዱን እንዲያጠራ ያዝዛል። ከዚህ ሕግ የሚያሳስበኝ ቅጣቱ አይደለም፤ «አውቆ» የሚለው ቃል ነው። ሳያውቅ ያበላሸስ?

የእኛም ሕግ በዚሁ ቃል አጠገብ የቆመ ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለቤት አገልግሎት የሚውለውንም ያስቀድማል። እንግዲህ በሕግ ፊት እኔ ቀጂ ነኝ እንጂ የውኃው ባለቤት አይደለሁም። ይሁንና ያው አዋጅ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ አላደረገም። በዚህ ሕጉን አልነቅፍም። በእንስራ የምትቀዳ ድኻ ፈቃድ ፍለጋ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ስትጠና ማየት የሚወድ ማን ነው? በመሥሪያ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና የዚያን ደጅ ጥናት ርዝመት ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን ሕግ በርኅራኄ የተወውን ቦታ ኅሊና ካልያዘው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የእኔ ኅሊና ቦታውን እንዴት እንደ ያዘው ልንገር። ግቢዬ በተዳፋት ላይ ያለች ጠባብ ናት። የውኃ ጉድጓዴ ከላይ በኩል ነው። የጤና ባለሙያዎች መጸዳጃ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ከእርሱ ቁልቁል እንዲሆን እንደሚመክሩ ዐውቅ ነበርና፥ በሜትር ለክቼ ከግቢዬ መጨረሻ፥ ከታችኛው አጥር ሥር አስቆፈርሁ። ሥራው ሲያልቅ እንደ ተማረ ሰው ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከአጥሩ ማዶ ግን አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ፤ የእርሳቸው ጉድጓድ ከአጥሩ ዘጠኝ እርምጃ ቢርቅ ነው። የለካሁት ከእኔ እስከ እኔ ብቻ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። በቡሄ ዕለት፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ሙልሙልና ጠላ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «ዘንድሮስ ልጄ፥ ጉድጓዴ እስከ አፉ ሞላልኝ፤ ጎንበስ ብዬ በጣሳ ልጨልፈው ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉ ደስ ብሏቸው። ጠላውን በእጄ እንደ ያዝሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ሳምንት በመጸዳጃዬ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሲያብረቀርቅ አይቼ፥ ዝናብ ገብቶበት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለካ ከላይ የገባ ዝናብ አልነበረም፤ በክረምት የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ባለ ጊዜ ሁለቱ ጉድጓዶች ተገናኝተው ኖሯል። ጠላውን ጠጣሁት። እምቢ ለማለት የሚበቃ ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ሌሊት ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ስከራከር አደርሁ። «ሳላውቅ ነው» እል ነበር። በዚህ ላይ ትዝ ያለኝ በትምህርት ቤት የሰማሁት የለንደን ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 በዚያች ከተማ በአንድ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት እየመረመረ፥ ብዙዎቹ ብሮድ ስትሪት ከሚባለው መንገድ ፓምፕ ይቀዱ እንደ ነበረ አስረዳ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲጣራ አንዲት እናት የታመመች ሕፃንዋን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ በቤትዋ የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ኖሯል። ያ ጉድጓድ ከፓምፑ ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። በዚህች እናት ማን ይፈርድባታል? በዚያ ዘመን ከሐኪሞቹ የሚበዙት በሽታው በክፉ አየር ይመጣል ይሉ ነበርና ማወቅ አትችልም ነበር። እኔ ግን ከእርስዋ ጋራ በአንድ ሚዛን ልቀመጥ አልችልም። 30 ሜትር ማለት ምን እንደ ሆነ ዐውቄ ለራሴ ለክቼአለሁ። ለራሱ ያወቀ ሰው ለጎረቤቱ ሲሆን አላወቅሁም ቢል ማን ያምነዋል?

ውኃን ማበላሸት እንዲህ ከሆነ፥ ውኃን መጨረስስ? ይህ ይልቁን ያስቸግራል፤ እዚህ አንድም ሰው በደለኛ አይመስልምና። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውኃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር፤ ከተራሮቹም ደለል ይወርድበት ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል፤ ነገር ግን በደረቀበት ዘመን ከገበሬዎቹ አንዱን ይዞ «አንተ ነህ ያደረቅኸው» ማለት አይቻልም ነበር፤ እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነውና።

በፋርጣ ደጋ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፥ ምጣድ አግሎልናል፥ ለገበሬውም በችግር ቀን የሚሸጥ ገንዘብ ሆኖታል። የአገሬው ሰው ግን ምንጭ ያደርቃል ብሎ ይከስሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሳሹና ተካዩ አንድ ሰው ነው። ልጁን ለማስተማር ዛፍ የተከለን አባት፥ እኔ ከከተማ ተቀምጬ በደመወዝ እየኖርሁ፥ ልወቅሰው አልደፍርም። ከምንጩ ራስ ላይ ሲተክለው ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ፈጥኖ የሚያድገው የሰፈሩን ውኃ እየጠጣ ነው፤ ትርፉ ራሱ ውኃው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያው ሕዝብ በጸበል ቦታ ጫማውን ያወልቃል፤ በዚያ ልብስ አያጥብም፥ ከብት አያጠጣም። በደቡብ ጎንደር የአገር በቀል ዛፍ ተርፎ የሚታየውም በይበልጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ጥቂት እርምጃ ወርዶ ያንኑ ውኃ ሲያገኘው ግን ቆሻሻ ይደፋበታል። ስለዚህ ውኃ መጠበቅ የማናውቅ ሕዝብ ነን የሚሉትን አልቀበልም። የቸገረን ጥበቃችን የሚያልቅበት ወሰን ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ከመስቀል በኋላ ሄጄ «እማማ፥ ጉድጓድዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለእኔስ ነገርኸኝ ልጄ፤ ለእነዚያስ ማን ይንገራቸው?» አሉ በእጃቸው ወደ ታች እያመለከቱ። የእርሳቸውም መጸዳጃ ከታችኛው አጥራቸው ሥር ነበረ።

የሁለታችንን ግቢ ብንለካ ከሁለቱም የውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር የሚርቅ አንድም ቦታ አላገኘንም። በመጨረሻ በእኔ ግቢ፥ በመንገዱ በኩል፥ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፥ ሲሞላም በመኪና የሚመጠጥ ጉድጓድ ለሁለት ቤት አሠራን፤ በአጥሩም ላይ ለእርሳቸው በር ከፈትን። ወጪው የስድስት ወር ደመወዜን በልቷል። ቦታው ከገዛ ውኃዬ ሰባት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ በየወሩ እመለከተዋለሁ፤ ለመጠጥ የምንቀዳውንም ሁለታችንም እናፈላዋለን። ከታች ላሉት ቤቶች ከእማማ ጋራ እየዞርን መንገር ጀምረናል። ከአራቱ ሦስቱ ሰምተውናል። አራተኛው «በገዛ ግቢዬ ምን አገባችሁ?» ብሎ መልሶናል፤ በሚመጣው እሑድ እንደ ገና እንሄዳለን።