ስለ መፍጠንና ስለ መቸኰል

በእንግሊዝ ቋንቋ «ፋስት» የሚባል አንድ ቃል አለ። የሥራን ፍጥነት ሲገልጥ በግዕዝ «ፍጡነ»፥ በአማርኛ «ፈጥኖ» እንደምንለው ነው። ዳሩ ግን የቃሉ ጥንተ ትርጕም ጽኑ፥ የማይነቃነቅ ማለት ነበረ እንጂ ፍጥነት አልነበረም። ዛሬም እንግሊዞች ገመድ አጥብቆ ማሰርን በዚሁ ቃል ይናገራሉ፤ እንቅልፍ የጸናበትንም ሰው እንዲሁ። ጾምም በቋንቋቸው «ፋስት» ይባላል፤ ሰውነትን ገትቶ በሕግ ማጽናት ነውና ከዚያው ሥር ወጣ።

የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ ኅብር ነው ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የቆመውና የሚሮጠው በአንድ ቃል እንዴት ተጠሩ? አስቀድሞ በጽናት፥ በብርቱ መሮጥ ይባል የነበረው ከጊዜ በኋላ ፈጥኖ መሮጥ ስለ ሆነ ነው።

ለድሬዳዋ ሰው የዚህን ምሳሌ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከቈላው ቀርቶ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓመተ ምሕረት እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓመተ ምሕረት ነው። ባቡር በደኅና የሚፈጥነው ሐዲዱ የጸና ስለ ሆነ ነው። ብሎኑ የላላ እንደ ሆነ ያው ፍጥነት ለጥፋት ይሆናል።

እንግዲህ መፍጠን ነውር ነውን? ብዙ ሰው «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ይዞ መዘግየትን ሁሉ ጨዋነት ያደርገዋል። ይህ ስሕተት ነው። የቀን ሠራተኛ ሲመሽ ዋጋውን ቢጠይቅና አሠሪው «ነገ ና» ቢለው፥ የሠራተኛው ልጆች በጌታው እርጋታ ምክንያት ጦም ያድራሉ። የሚገባው ነገር አስቀድሞ ታውቋልና እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይዘገዩ መፈጸም ጽድቅ ነው።

ሽማግሌ ግን ከሁለት ባላጋራዎች የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩን ልጨርስ ቢል፥ ቸኰለ እንጂ አልፈጠነም፤ እውነቱ ገና አልጸናለትምና። ብዙ ዕርቅ ሳይሰነብት የሚፈርሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ መፍጠንና መቸኰል የሚለዩት በሰዓት ብዛትና ማነስ አይደለም። ፈጣን ማለት ልቡ አስቀድሞ በእውነት ላይ የጸና ነው፤ ችኩል ግን ሐዲድ ሳይዘረጋ ባቡር የሚለቅ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ሥራህን ስትጀምር «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ከማለትህ በፊት «በምን ላይ ቆሜአለሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱ የጸና እንደ ሆነ ግን አትዘግይ።