ከአረንጓዴው ሥር

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ፤ ከእናቱ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ዓመቱን የሠርግና የክርስትና ፎቶ ሲያነሳ ከርሞ ጥቅምት ሲገባ ለራሱ ይሠራል፤ ካሜራውን አንግቶ ወደ ሮክ ክሪክ ፓርክ ይወርዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ የተከለለ፣ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ደን ነው። ግራና ቀኙ ቤትና መኪና ነው፤ ጅረቱን ይዞ ጥቂት የተራመደ ሰው ግን ከተማ ውስጥ መሆኑን ይረሳል።

ሙያውን ያውቃል። ፀሐይ ከበረታበት ቀን ይልቅ ዝናብ ያባራበትን ደመናማ ጧት ይመርጣል፤ ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ጥላው አይከብድም፣ የራሰው ግንድ ይጠቁራል፣ የቅጠሉ ቀለም ጎልቶ ይወጣል። እርጥብ ቅጠል ያብለጨልጫልና ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ያስራል፤ ማጣሪያውን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ነጩ ነጸብራቅ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ቢጫና ቀይ ይገለጣል። ጅረቱን ሲያነሳ ካሜራውን በትራይፖድ ያቆምና ሸተሩን ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ክፍት ይተወዋል። ያን ጊዜ ውሃው ይለሰልሳል፤ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ቅጠል ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። ፎቶው ውስጥ ሰው እንዲገባበት አይወድም።

እናቱ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች። አሜሪካ ከገባች ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርታለች። ልጇ የሚያውቃት ጧት በር ከፍታ ስትገባ፣ ጫማዋን አውልቃ ቁርሱን ስታቀርብ፣ ከዚያም መጋረጃውን ጋርዳ ስትተኛ ነው። ሰው ስለ እናቱ ሲጠይቀው «ዝምተኛ ናት» ይል ነበር። ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ጥቅምት፣ ቅጠሉ በደመቀበት ሰሞን፣ ቤት ብቻዋን ከምትውል ብሎ ይዟት ሄደ።

መንገዱ በቱሊፕ ፖፕላር ቅጠል ተሸፍኖ ወርቅ መስሏል። እናቱ ቆም ብላ አየችና «የመስከረም ሜዳ እኮ ነው» አለች። እንደ አደይ አበባ ማለቷ ነው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ለአንደኛ ክፍል ልጆች የእንቁጣጣሽ ዘፈን ታስጠና እንደነበር ነገረችው፤ ዘፈኑንም እያጨበጨበች ዘፈነችለት። ፒርስ ሚል ሲደርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በድንጋይ የተሠራው የውሃ ወፍጮ ፊት ቆማ ልጅ ሳለች ጎጃም ውስጥ እህል በአህያ ጭነው ወፍጮ እንደሚወርዱ፣ ተራ እስኪደርሳቸውም እዚያው እንደሚያድሩ አወራችው። ስትስቅ ድምፅዋ ጅረቱን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ልጇ ይህን ሳቅ አያውቀውም። ይቺ ሴት ከየት መጣች አለ በልቡ። እጁ ግን ሥራውን አልተወም፤ ጥሩ ዛፍ ባገኘ ቁጥር «እማዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» ይላታል። እሷም ወሬዋን ሳታቋርጥ ፈቀቅ ትላለች።

በመሀል አንድ ቅጠል አነሳችና «ይሄ ቢጫ ከየት ይመጣል?» ብላ ጠየቀችው።

አንብቦ ያውቅ ነበርና ነገራት። ቢጫው ከየትም አይመጣም፤ ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም ቅጠሉ ካቆጠቆጠበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴው ክሎሮፊል በዝቶ ስለሚሸፍነው አይታይም። ቀኑ ሲያጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ አዲስ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ የነበረውም እየፈረሰ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ቢጫው ይታያል። የሜፕል ዛፍ ቀይ ግን አዲስ ነው። አንቶሳያኒን ይባላል፤ ዛፉ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይሠራዋል።

«አረንጓዴውስ? ባክኖ ቀረ?»

«አልባከነም። ቅጠሉ ሳይረግፍ በፊት ዛፉ ናይትሮጅኑን ከቅጠሉ እየሳበ ቅርንጫፉና ግንዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በጸደይ ለሚወጣው ቅጠል።»

«ለልጆቹ ነዋ» አለች፤ ቅጠሉንም በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ሲመርጥ ሁሉም አምረውለታል። አንዱ ጥግ ላይ ግን የነጠላዋ ጫፍ ገብቷል፤ በሌላው ጥላዋ መንገዱ ላይ ወድቋል፤ በሌላው ቅጠል የያዘው እጇ ብቻ ይታያል። እንደ ልማዱ ጠርዙን ሊቆርጠው መዳፊቱን ይዞ ቆየ። ፊቷ ያለበት ፎቶ ፈለገ፤ የለም።

በሳምንቱ መልሶ ይዟት ሄደ። በመሀል ዝናብና ነፋስ ስለነበረ ቱሊፕ ፖፕላሩ ራቁቱን ቆሟል፤ መሬት ላይ ያለውም ጠቁሯል። «ባዶ ዛፍ ልታነሳ መጣህ?» ብላ ሳቀችበት። «እዚያ ግንዱ ጋ ቁሚልኝ» አላት። ቆመች። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ አይታ፣ «ፈቀቅ ልበል?» አለችው።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። እኔ የምፈራው ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ማንም በክፉ አላስተማራትም፤ ልጅ ሳይታወቀው፣ እናትም ሳይከፋት የተለመደ ነገር ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው ካሉት የእኛ ቤቶች በስንቱ ውስጥ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ የነበረ ሰው ፓርኪንግ ሲጠብቅ፣ ታክሲ ሲነዳ፣ የሰው አገር ሽማግሌ ሲያገላብጥ ዕድሜውን ጨርሷል። ያ ሥራ አረንጓዴው ነው፤ ያሳደገን እሱ ስለሆነ ክብር ይገባዋል። ግን ሸፍኖብናል። ጡረታ ወጥተው መዝፈንና መሳቅ ሲጀምሩ «እናታችን ተለወጠች» እንላለን። ቢጫው ከመጀመሪያውም የነበረ መሆኑን የምናውቅበት ዕድል አልነበረንም፤ የነበረንን ጊዜም ሌላ ስናነሳ እናሳልፈዋለን።

ቀዩ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስባል። አንቶሳያኒን በራሱ አይደምቅም፤ ፀሐያማ ቀን፣ ቀዝቃዛ ግን ውርጭ የሌለበት ሌሊት ይፈልጋል። መጸው ደመና ብቻ ሆኖ ሲያልፍ ወይም ውርጭ ቀድሞ ሲመታ ቀዩ ይደበዝዛል። ሽማግሌ ወላጅ አፓርታማ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን እየዋለ አዲስ ነገር እንዲያፈራ መጠበቅ ከዛፍ የማይጠበቀውን ከሰው መጠበቅ ነው። ፀሐይ የሚሆነው ሰው ነው፦ የሚጠይቅ፣ የሚያዳምጥ፣ መኪናውን አስነስቶ የሚያወጣ። ሁሉም አባት ይዘፍናል፣ ሁሉም እናት ትስቃለች ማለቴ አይደለም። እዚያው ፓርክ ውስጥ ብዙው ኦክ ቡናማ ሆኖ ነው የሚጨርሰው፤ ቢች ደግሞ የደረቀ ቅጠሉን እስከ ጸደይ ይዞ ይከርማል። የራሳቸው መልክ ነውና ሜፕል ካልሆናችሁ ማለት አይገባም።

ዲሲ አካባቢ ቀለሙ የሚደምቀው ብዙ ጊዜ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ አንድ የነፋስ ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ወላጅ ያላችሁ ቅዳሜን አትጠብቁ። የካሜራችሁን የቀለም ማስተካከያ (ዋይት ባላንስ) ከአውቶ አውጥታችሁ ደመናማ ላይ አድርጉት፤ አውቶው የቅጠሉን ሙቀት እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት አገር ቤት ምን ያስተምሩ፣ የት ወፍጮ ይወርዱ እንደነበር ጠይቋቸው፤ እያወሩ ሳለ አንሷቸው። ፖላራይዘሩን ደግሞ ፍቱት። ለቅጠል የሚጠቅመው ነጸብራቁን ስለሚያነሳ ነው፤ ከሰው ፊት ላይ ግን ወዙን ይወስድበታል።