ያሳደጉትን ስለ መቅጣት

በእጃችን ያደገ ፍጡር በደለኛ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የአሳዳጊው? ይህ ጥያቄ ዘወትር የሚነሣው ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲነገር ነው። እኛ ግን ዛሬ ከዚያ ባነሰ ነገር፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ባደገ አውራ ዶሮ ልንመረምረው እንወዳለን። በትንሹ ነገር ላይ የምንሰጠው ፍርድ በትልቁ ላይ የምንሰጠውን ያሳያልና።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ፣ ዝናቡ ብዙ ነው። ጫጩት በ21 ቀን ከዕንቁላሉ ሲወጣ በደጅ ብርዱና ጭልፊቱ፣ በሌሊትም ሽለምጥማጡ ይጠብቁታል። ስለዚህ እናቱ የሞተችበት ወይም ከወንድሞቹ ብቻውን የተረፈ እንደ ሆነ ከምድጃው አጠገብ ከሰው ጋር ያድጋል። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ከረከቦቱ ዳር ቆሞ ቆሎ ከእጅ ይለቅማል፤ በልጆች ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ጣት ሲነቁርም ቤተ ሰቡ ሁሉ ይስቅለታል።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ያ ጫጩት ይጎረምሳል። ገና ሳይነጋ ይጮኻል፤ በተሰጣው ቡና ላይ ይጭራል፤ ክንፉን ዘርግቶ እንግዳውን ይገጥማል። ትናንት ሣቅ ያተረፈለት ሥራ ዛሬ ዱላ ያመጣበታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አካሉና ኀይሉ አደጉ እንጂ ከሰው ጋር የሚኖርበት ሥርዓት ያው እኛ ያስተማርነው ነው። የተለወጠው የእኛ ፍርድ ነው።

ከክሶቹ ሁሉ የመጀመሪያው ጩኸቱ ነው። በጃፓን አገር የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 እንደ ገለጹት፣ አውራ ዶሮዎች በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢቀመጡም እንኳ የንጋትን ሰዓት ከውስጣቸው ያውቃሉ። በ2015 ደግሞ በአንድነት ከሚኖሩት መካከል በማዕርግ የበላይ የሆነው አስቀድሞ እንደሚጮኽ፣ ሌሎቹም እርሱን ተከትለው እንደሚጮኹ አስረዱ። ስለዚህ በቅርጫት ከድኖ ዝም በል እያለ የሚመታው ሰው የሚመታው ተፈጥሮን ነው። በጅማ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶችም ይህን ጩኸት አልናቁትም። በእስልምና ትውፊት አውራ ዶሮን መስደብ የተነቀፈ ነው፤ ለጸሎት ይቀሰቅሳልና። ክርስቲያኖችም ጴጥሮስ ተጸጽቶ ያለቀሰበትን ሰዓት ያስቡበታል።

ሁለተኛው ክስ ጠበኛነቱ ነው። ኖርዌያዊው ሺልደሩፕ ኤበ በ1922 ባሳተመው ጥናት፣ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር በማዕርግ ተለያይተው እንደሚኖሩ ገልጧል። ይህን ማዕርግ ጫጩት የሚማረው ከመሰሎቹ ጋር ሲያድግ ነው። ብቻውን ከሰው ጋር ያደገው ግን ሰውን እንደ ወገኑ ሊቆጥርና ተፎካካሪውን በእኛ እግር ሊፈልግ ይችላል። በእግራችን ስንመታው እንደ ቅጣት አይረዳውም፤ የጠብ ጥሪ ይመስለዋል እንጂ። እኛ ለሳቅነው ሣቅ እርሱን ስንቀጣ፣ አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት ደረሰ ማለት ነው።

ምናልባት «የሕፃን ዓይን ቢጠፋ ማን ይመልሰዋል?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ሹል እግሩ ለመሬት ከቀረበው ከሕፃኑ ፊት ጋር ትክክል ነው፤ ስለዚህ የሕፃኑ ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል፤ ዶሮውም ሳይውል ሳያድር ከሕፃኑ መለየት አለበት። ሌላ ማስቀመጫ ከታጣም መታረዱን አንቃወምም። የምንቃወመው በቁጣ ታርዶ «ዋጋውን አገኘ» መባሉን ነው። ለማዕድ ማረድ አንድ ነገር ነው፤ ለፍርድ ማረድ ሌላ ነገር ነው። ቅጣት ፍትሕ የሚሆነው ተቀጪው ጥፋቱን ማወቅ ሲችል ነው። ዶሮው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው አሳዳጊው ነው። እርሱ ግን በዶሮው ደም ራሱን ነጻ አድርጎ ወደ ማዕዱ ይቀርባል። በጥፋቱ ያልተጠየቀ አሳዳጊም በሚመጣው ዓመት ሌላ ጫጩት በዚያው መንገድ ያሳድጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው የሚጀመረው ጫጩቱ ትንሽ ሳለ ነው። ከመሰሎቹ ጋር ማሳደግ፣ እህሉን በእጅ ከመስጠት በመሬት መበተን፣ ሲነቁር አለመሣቅ፣ ቀን ጓሮ፣ ማታ ቆጥ መስጠት ይገባል። አድጎ ቢገጥመንም ሳንሸሽና ሳንመታ ጸንተን መቆም፣ ካስፈለገም በቀስታ ይዘን እስኪረጋ ድረስ ማቆየት ይሻላል። ይህ ሁሉ ከዱላ ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ዛሬ የከለከሉትን ነገ አለመፍቀድን ይጠይቃል።

በቤት፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ከበታቹ ሌላ ያለው ሰው ሁሉ አሳዳጊ ነው። የበታቹን በቁጣ ከመቅጣቱ በፊት «ይህን ነገር ገና ትንሽ ሳለ የሳቅሁለት እኔ አይደለሁምን?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ «ነኝ» የሆነ እንደ ሆነ፣ እርማቱ ከራሱ ይጀምር።